«ዛው» ማለት አንተ ነው

በድሮ የእንግሊዝ ድርሰት «ዛው» የሚል ቃል ሲመጣ ብዙዎቻችን ድምፃችንን ከበድ አድርገን ነው የምናነበው። በ1611 ከታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጋር ስለምናያይዘው የክብር ይመስለናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ዛው» ለወዳጅ፣ ለልጅ፣ ለሎሌ የሚባል አንተ ወይም አንቺ ነበር፤ «ዩ» ደግሞ እናንተ ወይም አንቱ። እግዜርንስ ቢሆን እኛው ራሳችን አንተ እያልን አይደል የምንለምነው?

የመማሪያ መጽሐፋችን ኅዳግ «ዛው ማለት ዩ ነው» ብሎ ያልፋል። ኧረ የት ተገናኝተው! እስቲ የሼክስፒርን ሐምሌት እንይ። በሦስተኛው ገቢር እናቱ ገርትሩድ አንተ ብላ ትቆጣዋለች። ሐምሌት ያንኑ ወቀሳ አንቱ ብሎ መልሶ ያሸክማታል። ይኼኔ እናትም አንተ ማለቱን ትታ አንቱ ትለዋለች። ታዲያ እናት ልጅዋን አንቱ ያለች ቀን ቤቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እኛ አስረጅ ያሻናል? የዛሬው እንግሊዛዊ ተማሪ ግን ያሻዋል፤ መደበኛ ቋንቋው አንተን ከጣለ ቆይቷልና። እሱ ከመምህር የሚማረውን እኛ ከእናታችን ጓዳ ይዘነው መጥተናል።

ፈተና ላይ ግን «ዩ» ብለን እንጽፋለን፤ ነጥብ የሚያሰጠው እሱ ነዋ።