ኪልት ለብሰን የዋልንበት ቀን

በአገራችን ፈሪ ወንድ «ቀሚስ ልበስ» ተብሎ እንደሚሰደብ፣ ጎበዝም «ሱሪ የታጠቀ» ተብሎ እንደሚመሰገን አንባቢ ያውቃል። እኛም በዚሁ አነጋገር ያደግን ነን። ስለዚህ ለትምህርት በኤዲንብራ ከተማ በተቀመጥንበት ጊዜ አንድ ስኮትላንዳዊ ጓደኛችን ሠርጉን ሲደግስ «ሚዜዎቼ ሁሉ ኪልት ይለብሳሉ፤ አንተም ሚዜ ነህ» ቢለን ሦስት ቀን ሙሉ መልስ ሳንሰጥ ቆየን። በአራተኛው ቀን እሺ ያልነው ደፍረን ሳይሆን ጓደኛችንን ማስቀየም ከብዶን ነው።

ኪልት ማለት ከወገብ ተጠምጥሞ ጉልበት ላይ የሚያበቃ፣ ከበስተኋላው የተሸነሸነ የሱፍ ጉርድ ነው። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል እንጂ ለአንድ ሰው 7 ሜትር ያህል ጨርቅ ይገባበታል። ኪስ ስለሌለው ከፊት ለፊት የቆዳ ኮሮጆ ይንጠለጠላል፤ በካልሲው አፍ ደግሞ ትንሽ ካራ ይሻጣል። ልብሱን ያከራዩን ሰው ወገባችንን ለክተው ሲያበቁ «የየትኛውን ጎሳ ነው የምትፈልገው?» ብለው ጠየቁን፤ የመስመሩ ቀለምና አጣጣል የየቤተ ዘመዱ መለያ ተደርጎ ይቆጠራልና። በዚያ አገር ጎሳ እንደሌለን ብንነግራቸው ሳይስቁ «እንግዲያው ለሁሉም የሚሆን አለ» ብለው፣ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ የተላለፈበትን ብላክ ዎች የሚባለውን አወረዱልን። ሽንሽኑን ወደ ፊት አድርገን እንዳንለብስም አጥብቀው አስጠነቀቁን።

ቅዳሜ ጧት ለብሰን ከማርችሞንት ሰፈር ወጣን። ሜዶስ የሚባለውን ሰፊ መስክ ስናቋርጥ ነፋስ በመጣ ቁጥር እጃችን ሳናዘው ወደ ጭናችን ይሮጥ ነበር። ጉልበታችን ለአደባባይ ሲታይ ከልጅነታችን ቁምጣ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው።

እንግዳ ሰው አያናግሩም እያልን ስናማቸው የኖርነው የከተማው ሰዎች ያን ቀን አፋቸው ተፈታ። ሁለት ዓመት በሱሪ ስንመላለስ ካነጋገሩን መንገደኞች ይልቅ በዚያች አንዲት ጧት ያነጋገሩን ይበዛሉ ብንል ማጋነን አይሆንም። በመጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሴት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ትክ ብለው ሲያዩን ቆዩና «የኔ ልጅ፣ የግራ ካልሲህ ወርዷል» አሉን። ጎንበስ ብለን ሰበሰብነው። እሳቸው ግን አልረኩም፤ ምርኩዛቸውን እኛን አስይዘው ማሰሪያውን እንደገና አጠበቁልን። ቀጥሎ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ጥድፊያ ላይ ያለ መንገደኛ ሻንጣውን አስረክቦን ታክሲውን በጣቱ አሳየን። በአንዳንድ ሆቴሎች በር ላይ የሚቆሙ ሠራተኞች ኪልት ስለሚለብሱ ከእነርሱ እንደ አንዱ ቈጥሮን ኖሯል። ልናርመው አሰብን፤ ነገር ግን ሻንጣው እጃችን ገብቶ ነበርና ወሰድንለት። አንድ ፓውንድ ሰጠን፤ ተቀበልን። ይህን ለሙሽራው እስከ ዛሬ አልነገርነውም።

የሚቀጥለው ግን አያስቅም። ገና ከቀትር በፊት መጠጥ የቀመሱ አምስት ስድስት ሴቶች ከበቡንና ኪልት የለበሰ ወንድ ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁን፤ ከሥሩ ምን እንደ ለበስን ማለት ነው። ዝም ብንል አንደኛዋ እጇን ሰድዳ የጉርዱን ጫፍ ያዘች። በሁለት እጃችን አፍነን ይዘን፣ ሩጫ በማይባል ነገር ግን እርምጃም ባልሆነ አካሄድ አመለጥን። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊታችን የጋለው በዚያች ልጅ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የቆሙ ጎረምሶች በሚያልፉ እኅቶቻችን ላይ የሚወረውሩትን ቃል፣ የሚሰነዝሩትንም እጅ፣ እኛ ስንት ጊዜ አይተን እንዳላየን አልፈናል! «ቀልድ ነው፤ ምን ያስቆጣታል?» ያልንበትም ጊዜ አለ።

ወደ ሊዝ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው «የማን ጎሳ ነው?» አሉን። «የኪራይ ነው» ብንላቸው ከልባቸው ሳቁ። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰሙ ወዲያው የጄምስ ብሩስን ስም ጠሩ። ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ነው፤ የአገራችንንም ልብስ ለብሶ በቤተ መንግሥቱ ይመላለስ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። ሽማግሌው «እርሱ የእናንተን ለበሰ፤ አንተ የእኛን ለበስህ፤ ዕዳ የለብንም» አሉን።

ከዚያም የልብሱን ታሪክ አወጉን። ጥንት የተራራው ሰዎች ቀን የሚያገለድሙት፣ ማታ የሚከናነቡት አንድ ረጅም የሱፍ ኩታ ነበር፤ የእኛ ጋቢ ዘመድ ማለት ነው። ተራራዎቹ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ተነሥተው በ1746 በከለደን ጦር ሜዳ ድል በሆኑ ጊዜ፣ በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ከወታደር በቀር ማንም ወንድ ይህን ልብስ እንዳይለብስ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ በመጀመሪያው ስድስት ወር ይታሠራል፤ ቢደግም ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ከዐርባ ዓመት በኋላ፣ በ1822፣ ንጉሡ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኙ ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ፤ ከሥሩ ግን ሥጋ የሚመስል ቀለም ያለው ጥብቅ ሱሪ አጥልቀው ነበር። ሴቶቹ ያንን ቢጠይቋቸው ኖሮ መልስ አላቸው።

«በእናንተስ አገር ወንድ እንዲህ ያለ ልብስ ይለብሳል?» አሉን ሽማግሌው።

«አይለብስም» አልን።

አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ ውሸት መናገራችን ታወቀን። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በሐረር፣ በወሎ ቆላ ስንትና ስንት ወንድ ሽርጥ አገልድሞ ይኖራል! አለማወቅ ነው እንዳንል በዓይናችን አይተናል። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ከወሎ ቆላ አንድ ልጅ አዲስ አበባ ወደ ነበረው ትምህርት ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ንጹሕ ሽርጥ አገልድሞ መጣ። እኛ፣ እዚህ ላይ «እኛ» የምንለው የጸሐፊ ልማድ ሆኖብን ሳይሆን በእውነት ብዙ ስለ ነበርን ነው፣ «ሙሽሪት!» እያልን በግቢው ዞርንበት። አስተማሪውም ፈገግ አሉ። ከኋላው ሄዶ የሽርጡን ጫፍ የሳበው እጅ የማን እንደ ነበረ እናውቃለን። ልጁ በማግሥቱ የሰው ሱሪ በሲባጎ አሥሮ መጣ፤ ወገቡ ስለ ሰፋው በአንድ እጁ ይዞ ይሄድ ነበር። ከመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ አልተመለሰም። በእኛ ምክንያት ይሁን በሌላ አናውቅም።

ሽማግሌው ሊወርዱ ሲነሡ እውነቱን ልንነግራቸው አፋችንን ከፈትን። እሳቸው ግን ቀድመውን «ቀጥ ብለህ ሂድበት» ብለው ትከሻችንን መታ መታ አድርገው ወረዱ።

ሠርጉ አማረ። ሰኞ ዕለት ልብሱን ስንመልስ ባለሱቁ «ሰው ምን አለህ?» ብለው ጠየቁን፤ የካልሲውንና የሻንጣውን ነገር ነገርናቸው፤ የቀረውን ተውነው።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ መርካቶ ሄደን አንድ ሽርጥ ገዛን። ሻጩ እየጠቀለለ «ለአባትህ ነው?» አለን። «ለራሳችን ነው» ብንለው ቀና ብሎ አየንና ዋጋውን ሳይቀንስ ሰጠን። ማታ ከሥራ ስንገባ እናገለድመዋለን፤ ልጆቻችንም ለምደውታል። ከግቢው በር ግን ገና አልወጣንበትም። ባለፈው ወር ዳቦ ልንገዛ እስከ በሩ ደርሰን፣ መዝጊያውን ከፈት አድርገን ወደ መንገዱ አየንና፣ ተመልሰን ሱሪያችንን አጠለቅን።