«ደብተሩ ተወዷል»

ያደግኩበት ዴልፍስሃቨን ዳገት የለውም። ልጅ ሆኜ የማውቀው ትልቁ ከፍታ 185 ሜትር የሚሆነው ኤውሮማስት ነበር፤ እሱንም በአሳንሰር ነው የወጣሁት። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አክስቴ «አቦን የምንሳለመው በእግራችን ወጥተን ነው» ስትለኝ የሚጠብቀኝን አላወቅኩም።

ከመሄዴ በፊት አብራኝ ነርሲንግ የምትማረው ጓደኛዬ ጋ ሻይ እየጠጣን ነበር። ቤተሰቦቿ ሂንዱ ናቸው፤ ከ1873 ጀምሮ ለእርሻ ሥራ ከሕንድ በመርከብ ወደ ሱሪናም ከተወሰዱት ወገን፣ በኋላም ሆላንድ የገቡ። አያቷ ጓሮ ውስጥ ለሃኑማን የተተከለ ቀይ ባንዲራ በቀርከሃ ላይ ይውለበለባል። «ተራራው ላይ ያለው አምላካችሁ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ጻድቅ ነው፤ ያማልዳል።» «ታዲያ እዚሁ ሆናችሁ ብትለምኑት አይሰማችሁም?» የሷ አያት ከኩሽናዋ በር አራት እርምጃ ነው የምትሄደው። ምን ልበላት? የምሄድበትንም ትክክለኛ ምክንያት አልነገርኳትም።

ምክንያቱ ደብረ ዘይት ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። 16 ዓመቷ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለባት። ለሦስት ዓመት ፌኖባርቢታል ስትወስድ ቆይታ አክስቴ «ኪኒኑ ልጄን አፈዘዘብኝ» ብላ አስቆመቻት። (ማፍዘዙ እውነት ነው፤ የታወቀ ጉዳቱ ነው። አክስቴ አልተሳሳተችም።) ከእንግዲህ ጸበል ብቻ ተባለ። እኔ ደግሞ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቆም አንዱ መጣል ሳይለቅ ሌላው እየተከተለ ሰው ሊሞት እንደሚችል ገና ተምሬ መጨረሴ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና አደርኩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ ይችላሉ ማለታቸውን ሳይቀር ይዣለሁ። ትምህርት ቤት «በሽተኛውን ጠይቁ፣ አትስበኩ» ይሉናል፤ በደች ይቻላል። በአማርኛ፣ ለእናቴ ታላቅ እህት፣ ከየት ልጀምር?

ዝቋላ ከደብረ ዘይት በስተደቡብ ብቻውን የቆመ፣ ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፤ እዚያው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። ሥዕላቸውን ሮተርዳም ሳሎናችን ውስጥ ሳየው ነው ያደግኩት፤ ጠጉር የለበሰ ገላ፣ አንበሳና ነብር በግራና በቀኝ፣ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣ ወፍ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሕዝቡ ወደዚያ ይጎርፋል።

ዋዜማውን በአይሱዙ የተወሰነውን ሄድን፤ ቀሪውን በእግር። እኔ በሁለት መቶ ዩሮ ጫማ አለከልካለሁ፣ ባዶ እግራቸውን የሆኑ አሮጊት «አይዞሽ ልጄ፣ አቦ ያበርታሽ» ብለውኝ አለፉ። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዬን ሁሉ ተቀብላኝ ነበር። በሽተኛዋ እኔ ነኝ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጥቂት የኦሮሞ እናቶች እርጥብ ሣር ውኃው ውስጥ እየነከሩ ይመርቃሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ ካህኑ መስቀል ያሳልማሉ። ማኅበረሰባችን ውስጥ በዚህ ጉዳይ ስንት ክርክር ሰምቻለሁ! አክስቴን አየት አደረግኳት፤ ትቆጣለች ብዬ። «ሁሉም የአቦ እንግዳ ነው» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ልቧ ክፍት ነበር። አልተናገርኩም።

ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከበሮው ይሰማል፣ አክስቴ ተጠቅልላ ታሸልባለች። የአክስቴ ልጅ ቀስ ብላ ተነሳችና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ተከተልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ አንዲት ነጭ ኪኒን። ከሃይላንዱ በተቀዳው ጸበል ዋጠቻት።

«አቁሜ አላውቅም» አለችኝ። «ከትምህርት ቤት ስወጣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነው የማመጣው። እማዬን እንዳትነግሪብኝ።»

«ታዲያ ጸበሉ ለምን?»

ጥያቄው የገባት አልመሰለኝም። «ታምሜያለሁ እኮ» አለች።

እኔ አልተናገርኩም። በምማረው ሥራ ዝም ማለት ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መድኃኒቷን ማንም ሳያውቅ የምትወስድ ልጅ አንድ ቀን ቢያልቅባት ማን ያስታውሳል? ግን አክስቴ ብታውቅ በእውነት የምታስቆማት ይመስለኛል። አልፎ አልፎ ደግሞ አክስቴ የምታውቅም ይመስለኛል፤ ነጠላውን የምታጥበው እሷ ናት።

ኅዳር ላይ ደወለች። «አቦን አየሽው? አንድም ቀን አልጣላት!» «ክብር ምስጋና ይግባው» አልኩ፤ አልዋሸሁም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለልጅቷ «ለደብተር» ብዬ ትንሽ ገንዘብ እልካለሁ። ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ። ጤና ጣቢያው አልቆበታል፣ ከግል መድኃኒት ቤት ልትገዛ ነው። የጻፈችው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ደብተሩ ተወዷል።»