ለሚመለከተው ሁሉ

የተመረቅኩ ሰሞን ሲቪዬን የጻፈልኝ አራት ኪሎ ያለ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ቤት ልጅ ነው። የሌላ ሰው ሲቪ ከፍቶ ስሙን በስሜ ቀየረው። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የሚቋቋም» ይላል። የጋብቻ ሁኔታዬ ሳይቀር ተጽፏል፤ የሠራሁት ግን የለም። 40 ኮፒ በተንኩ፤ ማንም አልደወለም።

ዛሬ በተራዬ የሰው የሥራ ማመልከቻ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። «የአጎቴን ሱቅ ሒሳብ 2 ዓመት ይዣለሁ፤ በየቅዳሜው ዕቃ ቆጥሬ ከሒሳቡ ጋር አስታርቅ ነበር» የሚል አንድ መስመር ከአሥር ቅጽል ይበልጣል። ደብዳቤውም የሥራ ማስታወቂያው የጠየቀውን ካልመለሰ ትርፉ ወረቀት ማብዛት ነው።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብለን የምንጽፈው ደብዳቤ ለካ ማንንም አይመለከትም።