ከምሳ በኋላ ያለችው ቡና

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከጎላጉል ሕንፃ ጀርባ ካለች ጀበና ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት ነፍሰ ጡር የምስር ወጧን እንደጨረሰች ቡና አዘዘች። እናቷ ስለ ቡናው ምንም አላሉም። «ወተትና ሙዝ እንዳትነኪ፤ ልጁ ላይ ነጭ ነገር ይለጠፋል» አሏት እንጂ። አንጀቴን በላኝ።

ያ ነጭ ነገር እኮ የፅንሱን ቆዳ የሚጠብቅ ቅባት ነው፤ ከወተትም ከሙዝም አይመጣም። ምግብ ላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ከምስርና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ቃሪያ ጨመር ማድረግ ደግሞ ብረቱ በደንብ እንዲወሰድ ያግዛል።

ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከነፍሰ ጡሮች 29 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። በእርግዝናቸው የብረት እንክብል 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ደግሞ 5 በመቶ ብቻ! እንክብሉ ሰገራ ሲያጠቁር ደንግጠው የሚተዉት አሉ፤ «ልጁን አግዝፎ ምጥ ያከብዳል» ተብለው የሚጥሉትም አሉ።

የነርሷን ምክር የምትሰማው ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን ናት፤ ቤት ውስጥ የሚሰማው ግን የእናትና የአማት ቃል ነው። እህቶቼ፣ በእርግዝና ክትትል ቀን እነሱንም ይዛችሁ ግቡ። የሚያሰጋቸውን ራሳቸው ነርሷን ይጠይቁ።