ቦርሳ አንግቶ መተማ የገባ ሰው መጀመሪያ ማንን ያምናል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ ሊመሽ ሲል ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው? ሕንፃውን እንዳትሉኝ! መጀመሪያ የሚያየው «ወንድሜ፣ ወዴት ነህ?» እያለ የሚጠጋውን ሰው ነው። የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚሁ ሰው ነው።

ፈረንጆቹ ቦርሳቸውን በጀርባቸው አዝለው አገር ሲዞሩ፣ ማታ አውቶቡስ ላይ ተኝተው ጠዋት አዲስ ከተማ ላይ ይነቃሉ አሉ። እኔ የማውቀው የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ግን እንደዚያ አይደለም። ተሳፋሪው ሌሊት 10 ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ ይሰለፋል፤ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፤ ሲመሽ መኪናውም ሰውም ያድራል። እኔም በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቼ ጎንደር አደርኩና በማግስቱ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። መንገዱ በጠቅላላው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ወዲያ ያለው 180 ቢሆን ነው።

ያኔ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም ነበር። ለቤተሰቦቼ «አገር ልይ» ብዬ ነው የወጣሁት። እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ የያዝኩት ካርቱምን ነበር። ከካርቱም ወዲያ ያለውን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ልብስ ይከብዳል። አይከል ላይ ጃኬቴን፣ ነጋዴ ባሕርን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅሁ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ የሚወልቅ አልቀረኝም! መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ስለነበር መተማ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የአውቶቡሱ በር ሲከፈት የገባው ወበቅ የእንጀራ ምጣድ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመታው ዓይነት ነው።

ገና እግሬ መሬት ሳይረግጥ አንድ ጎረምሳ ቦርሳዬን ያዘ። «ብራዘር፣ ማታውኑ የሚሻገር ልጅ አለ። ብሩን እዚያ ስትደርስ ትከፍላለህ። አልጋ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ደግ ሰው ይመስላል። ፈገግታው ራሱ! ልቤ ሸፈተ።

ያዳነኝ አጠገቤ ተቀምጠው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ለሰሊጥ አጨዳ በየዓመቱ ከጎጃም የሚወርዱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ቦርሳዬን ከልጁ እጅ ቀስ ብለው አስለቀቁና «ልጄ፣ በማታ የመጣ ነገር በማታ አይወሰንም። አልጋ ያዝና ነገሩን ለጧት አቆየው። እውነተኛ ከሆነ ጧትም ይኖራል» አሉኝ። ልጁ አጉረመረመና ወደ ሌላው ተሳፋሪ ዞረ።

አጎበር ያለው አልጋ አግኝቼ አደርኩ። ጠዋት ተነስቼ ድንበሩን አየሁት። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። አንድ ገደልና አንድ ድልድይ ነው። ማዶ የሱዳኗ ገላባት፣ ወዲህ መተማ። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች፣ የሰሊጥ ጆንያ የጫኑ መኪናዎች፣ የዕጣን ሽታ... ከተማዋ ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ ካረፉት ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ንጉሥ የወደቀበት መሬት ላይ ቆሜ «እኔስ ወዴት ነኝ?» አልኩ።

ቁርስ የበላሁባት ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሦስት ቦርሳዎች ተሰቅለው አየሁ። የእኔን የመሰሉ፣ በጀርባ የሚታዘሉ። «እትዬ፣ ይሸጣሉ እንዴ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«አይ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አሻጋሪዎቹ ‹ሸክም ይዛችሁ አትሄዱም› ሲሏቸው ልጆቹ እኔ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ‹ስንመለስ እንወስዳለን› ይላሉ። ያ ጥቁሩ ዓመት ሞላው።»

ጥቁሩን ቦርሳ አየሁት። ዚፑ ላይ የቁልፍ መያዣ ተንጠልጥሏል። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ሦስት ቀን ቆይቼ፣ ከተማዋን አይቼ፣ በመጣሁበት ተመለስኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ጉብኝት መስሏታል።

ይህን የምጽፈው ተነስታችሁ ሂዱ ለማለት አይደለም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ በኋላ፣ የእኛ ልጆች በሚሻገሩበት በዚያው በር ብዙ ሺህ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ወደ እኛ ገብቷል። በአማራ ክልል በዚያው ዓመት ክረምት የተባባሰው ግጭትም ለመንገደኛ መዘዙ ብዙ ነው። የግድ የሚሄድ ሰው መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው ሳይጠይቅ አይነሳ።

ወደ መተማም ሆነ ወደ ሌላ የማታውቁት ከተማ ለምትሄዱ ግን ምክሬ ይህ ነው። ከተማው በቀን እንድትገቡ አድርጋችሁ ተነሱ። ብራችሁን አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ቦርሳችሁን ሰው አያሸክማችሁ። ቆላ ከሆነ ከአጎበር ውጪ አትተኙ፤ በተለይ መተማና ሁመራ አካባቢ ወባም ካላዛርም አለ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ሜዳ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የምታገኘውም በሌሊት ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ለሐኪሙ የት ከርማችሁ እንደመጣችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

ከሁሉ በላይ ግን ሲመሽ የሚያጣድፋችሁን ሰው አትመኑ። «ለጧት አቆየው» የሚላችሁን አዳምጡ። የሽማግሌውን ስም እንኳ አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሰላም ግቡ!