የጎረቤት ሳንቲም

ሳንቲም ማሰባሰብ የባለጸጋ ጨዋታ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ በአንበሳሜ ከተማ በመምህርነት ስንኖር ያሰባሰብነው ግን ስድስት ፍሬ ብቻ ነው፤ ወርቅም ብርም የለበትም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ል. የዛላንበሳ መንገድ በተከፈተ ሰሞን አንድ ነጋዴ ጎረቤታችን እስከ ዓዲግራት ገበያ ዘልቆ ነበርና፣ በመልስ የተቀበላቸውን የኤርትራ ሳንቲሞች ለተማሪዎቻችን ይሆናሉ ብሎ ሰጠን። መንገዱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ፤ ሳንቲሞቹ እኛ ዘንድ ቀሩ።

እንደሚታወቀው ኤርትራ ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ል. ነፃነቷን ስታውጅ የራሷ ገንዘብ አልነበራትም። አራት ዓመት ያህል በእኛው ብር ስትገበያይ ቆይታ፣ በ1990 ዓ.ል. መጀመሪያ ወራት በትግሉ ዘመን ምሽግ በነበረችው ከተማ ስም የተሰየመውን ናቅፋ አወጣች። አንዱ ናቅፋ መቶ ሳንቲም ነው።

በስድስቱም ሳንቲሞች አንድ ወገን ሰንደቅ ዓላማ የያዙ ታጋዮች አሉ፤ በሌላው ወገን የዱር አራዊት። በአንድ ሳንቲሟ ላይ የሜዳ ፍየል፣ በአምስቱ ነብር፣ በአሥሩ ሰጎን፣ በሃያ አምስቱ የሜዳ አህያ፣ በሃምሳው የቆላ አጋዘን፣ በመቶው ዝሆን ከነግልገሉ። ሁሉም በኒኬል የተለበጠ ብረት ስለሆኑ ማግኔት ይስባቸዋል። የእኛዋ የ1969 ዓ.ል. አንድ ሳንቲም ግን አሉሚኒየም ናትና ማግኔት አይነካትም። ተማሪዎች 1997 የሚለውን ጽሑፍ አይተው በእኛ አቆጣጠር ሲመስላቸው፣ ሰባት ዓመት አስቀንሰን 1990 መሆኑን እናሳያቸዋለን።

ያ ዓመት ግን ለሁሉም የሒሳብ ትምህርት አይደለም። አንድ ልጃቸው በጦርነቱ የቀረባቸው አባት ቤታችን መጥተው ሳንቲሞቹን ባዩ ጊዜ፣ «ልጄን የበላ አገር ገንዘብ በቤታችሁ ምን ይሠራል?» አሉን። ነገሩ እውነት አለው። ናቅፋ እንደወጣ ኤርትራ ከብር ጋር አንድ ለአንድ እንዲመነዘር ብትፈልግ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፤ የንግዱም ጠብ ተካረረ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ባድመ ላይ ጦርነቱ ተነሳ። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነበር ባይባልም፣ የአልጀርስ ስምምነት በታህሣሥ 1993 ዓ.ል. እስኪፈረም ድረስ ከሁለቱም ወገን ስንቱ ወጥቶ ቀርቷል።

እኛም «አባባ፣ የጎረቤትን ገንዘብ መያዝ ሐዘንዎን መርሳት አይደለም» አልናቸው። የቀድሞዎቹ ሙስሊሞችም ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ በ77 ዓመተ ሂጅራ ገደማ የራሳቸውን ዲናር እስኪያስመታ ድረስ በአብዛኛው የሚገበያዩት በሩምና በፋርስ ገንዘብ፣ ወይም በእነዚያ አምሳል በተሠራ ነበር፤ ከሁለቱም ጋር ተዋግተዋል። አባባ ዝም ብለው ሰሙንና ትንሿን አንስተው «ይህቺ ምን ትገዛለች?» ሲሉ ጠየቁ። ምንም ያህል እንደማትገዛ ነገርናቸው። «እንግዲያ በድሃ እጅ የኖረች ናት» ብለው አስቀመጧት። ንዴታቸው አልበረደም፤ እኛም እንዲበርድ አልጠየቅናቸውም።

እኛ ዝቅተኛዎቹን ሳንቲሞች የምናከብረው ስለዚህ ነው። መንግሥታት የተጣሉት በትልቁ ገንዘብ ነበር። ትንሿ የምትዞረው ግን ዳቦ በሚገዛ ሕፃን፣ ጨው በምትሸጥ እናት፣ ሶደቃ በሚቀበል ምስኪን እጅ ነው። አዲስ አገር ስሟን የምታስነብበው ለእነዚህ ጭምር ነው።

ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ብትጀምሩ ወጪ የለበትም። ከገበያ ከጠፉት ከራሳችን አንድ ሳንቲሞች ተነሱ። በአመድ ወይም በሎሚ አትፈትጓቸው፤ መልካቸው ይበላሻል። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ከየትና መቼ እንደመጣ ጻፉበት። በውድ ዋጋ መግዛት ግን ኢስራፍ ነውና ይቅር። ልጆቹ የጎረቤቱን ሳንቲም ሲይዙም ታሪኩን አትደብቋቸው፤ የሞተውንም፣ ዳቦ የገዛውንም ንገሯቸው። አላህ ለሁለቱም ሕዝቦች ሰላም ያውርድ። አሚን።