መጽሐፍ ይዞ ወደ መተማ

አንባቢ ሆይ፤ አገር ሰላም ሆኖ መንገዱ ክፍት በሆነበት ወራት ከጎንደር ተነሥተው ወደ መተማ የሚወርዱ ከሆነ ካፖርትዎን ቤትዎ ይተዉት። አዘዞን አልፈው አይከል እስኪደርሱ ብርዱ ጥቂት ቢቈነጥጥዎም፣ ከነጋዴ ባሕር በታች ካፖርት ከንቱ ሸክም ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቍልቍል ሲወርድ የደጋው አየር ከኋላ ይቀራል። የዕጣን ዛፍ ያለበት ኰረብታ፣ ከዚያም ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ይመጣል። ገንዳ ውሃን ካለፉ በኋላ መተማ ዮሐንስ ሩቅ አይደለችም። በከተማዪቱ ዳር ያለችውን ድልድይ ቢሻገሩ ሱዳን ነው፤ ገላባት ይባላል።

በካፖርቱ ፈንታ መጽሐፍ ይያዙ። አዲስ መጽሐፍ ግን አይሁን፤ አንድ ጊዜ አንብበው የጨረሱትን ይያዙ።

ይህን የምለው በራሴ ከደረሰው ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያ የመንግሥት ሥራዬን የጀመርሁት በዚያ ቆላ ነበረ። በሣጥኔ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፤ እናቴ የሰጠችኝ ዳዊት፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እና የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር»። ክረምት ሲገባ ጥቍሩ አፈር መኪናውን ሁሉ ይዞ ስለሚያስቀር ደብዳቤም ጋዜጣም በጊዜው አይመጣም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ አያስወጣም። እንዲህ ያለ ቀን መጽሐፍ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ምን ይደረጋል? እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ነዋ!

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተማሪ ሳለሁ ያነበብሁት እየሮጥሁ ነበር። የምፈልገው በዛብህና ሰብለ ወንጌል መገናኘት አለመገናኘታቸውን ማወቅ ብቻ ስለ ነበረ፣ ጉዱ ካሣ ንግግር ሲያበዛ እዘልለው እንደ ነበረ አልደብቅዎትም። መተማ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን መጨረሻውን ዐውቀዋለሁና የሚያስሮጠኝ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ጉዱ ካሣ ሲናገር ቁጭ ብዬ አዳመጥሁት። ትንሽ ሹመት ያለው ሰው በባለ ጉዳይ ላይ እንዴት እንደሚኰራ በቢሮ አይቼ ስለ ነበረ፣ የሚያወራው ስለ ጥንት ሰው ብቻ አልመሰለኝም። በሦስተኛው ንባብ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቻቸው ጋራ የተጣሉበት ክፍል ያዘኝ። አስቀድሞ የሳቅሁባቸውን ሰው በዚህኛው ጊዜ አዘንሁላቸው። መጽሐፉ ያው በ1958 ዓ.ም. የታተመው ነው፤ አንድ ፊደል አልተጨመረበትም። «የታንጉት ምስጢር»ንም ቢሆን የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ቋራ ጐረቤት ሆና ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

የጐረቤቴን የሽማግሌውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ዳዊት ሲደግሙ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀኖች የተከፋፈለ ስለ ሆነ፣ በድምፃቸው ዕለቱን ለመለየት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣

«አባባ፤ በቃልዎ የሚያውቁትን ለምን በየሳምንቱ ይደግሙታል?» አልኋቸው።

«ዐውቄው ቢሆን መቼ እስከ ዛሬ እሳሳት ነበር፣ ልጄ! ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ቦታ ላይ ምንጊዜም ያደናቅፈኛል» ብለው ሳቁ።

ቃሉን ልብ ይበሉልኝ። በአማርኛችን ዳዊት ይደገማል እንጂ ተነበበ ተብሎ አይተውም። እኔ በሙቀትና በክረምት ተገድጄ የደረስሁበትን ነገር ቋንቋችን ቀድሞ ስም ሰጥቶት ኖሯል።

መተማን ሲያነሡ ዐፄ ዮሐንስን አለማንሣት አይቻልም፤ የከተማዪቱም ስም ያስገድዳል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋራ በተደረገው ጦርነት ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ያሰብሁት ከዚያ በፊት ስለ ጻፉት አንድ ደብዳቤ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በተያዘ ጊዜ እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወሰዱ። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ወደ ለንደን ጽፈው ከተወሰደው ሁሉ አንድ መጽሐፍና አንድ ሥዕል እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን። ያለ መጽሐፉ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም ሲሉም አመለከቱ። ሥዕሉ ሳይመለስ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን በ1865 ዓ.ም. ተመለሰ።

ይገርማል! በክብረ ነገሥት ያለውን የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ ንጉሡ አያውቁትም ነበርን? ያውቁታል እንጂ። የፈለጉት አዲስ ወሬ አልነበረም።

ከዚያ በፊትም ይህ ቆላ መጻሕፍት ሲያልፉበት አይቷል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ መንገደኛ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል በሚባለው በዚህ አገር በኩል ወደ ስናር ወረደ፤ መጽሐፈ ሄኖክን ወደ አውሮፓ ያደረሰ እርሱ ነው። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ስላለቁበት ጓዙን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ነፍሱን ካተረፈ በኋላ ግን ሌላ ግመል ይዞ ተመለሰና ጓዙን አነሣ። መጻሕፍታችንን ይዞ በመሄዱ ባልደሰትም በዚህ አደንቀዋለሁ።

የእኔው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን አልተመለሰም። ወደ ገዳሪፍ ሰሊጥ ለሚያመላልስ አንድ ወዳጄ አዋስሁት። «በሳምንቱ አመጣዋለሁ» ብሎ ድልድዪቱን ተሻገረ፤ እኔም ከዚያ በፊት የዝውውር ደብዳቤ ደርሶኝ ወደ ደጋ ወጣሁ። በኋላ ጎንደር ላይ አዲስ ቅጂ ገዛሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ጥራዙም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ቦታ ስደርስ እጄ ሳያስበው በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ያሠመርሁትንና የላምባው ነጠብጣብ ያረፈበትን ይፈልጋል። ገላባት ወይም ገዳሪፍ የሚሄድ ሰው ካጋጠመዎ ይጠይቁልኝ፤ ሽፋኑ በቡና ዓይነት ወረቀት የተለበጠ ነው።